ወረቀት ፍለጋ

የባለቤቱ አባት ባረፉ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ የለቅሶውን ድንኳን ጥሎ ሄደ። ምክንያቱ ወንበር ነበር።

ድንኳኑን ያስተከለው እሱ ነው። ውሃውም ንፍሮውም በእሱ ገንዘብ ነው የመጣው። ከሳይት አርፍዶ ሲደርስ የፊተኛው ረድፍ ሞልቷል። አንድ የእድር ሰው በትሕትና ወደ ጥግ፣ ወደ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ጠቆመው። ጋሼ ወንበሩን አየው። ሰውየውን አየው። ከዚያ ዞሮ ወጣ። መኪናው ያስነሳው ቀይ አቧራ ለቀስተኛው ላይ አረፈ። ባለቤቱ ከል ለብሳ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። እስከ ሰባተኛው ቀን ብቅ አላለም።

ያን ሌሊት ደወለችልኝ። «ኩሩ ሰው ያገባሁ ነበር የመሰለኝ። ይሄ ግን በሽታ ነው» አለች። የበሽታውን ስም ከቲክቶክ አግኝታዋለች። ናርሲሲስት፤ ራሱን አግዝፎ የሚያይ፣ አድናቆት የሚራብ ሰው እንደማለት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የሆነውን ነው የምጽፈው። ወንድሜ ፈቅዶልኛል፤ ጽሑፉንም አንብቤለታለሁ። ሰው እንዳይለየው አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። እኔ ነርስ ነኝ። እዚሁ ከተማ ዳር ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው የአእምሮ ምርመራ ሲፈልግ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ለካ ካርድ ማውጣቱን ብቻ ነው የማውቀው።

ሰውየው

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በበጋ መጥቶ ጫማውን ያየ ሰው ትርጉሙን መጠየቅ አያስፈልገውም። እዚህ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከፒያሳ የተነሳ አለ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፣ ከድሮም እርሻው ላይ የነበረ አለ። የማን ልጅ እንደሆንክ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ሰው የሚለካው በቤቱ ፎቅና በመኪናው ነው። ለወንድሜ የተሰፋ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል።

46 ዓመቱ ነው። በ19 ዓመቱ በቀለም ቀቢነት ጀምሮ ዛሬ የፊኒሺንግ ተቋራጭ ነው። ሦስት ተሽከርካሪዎች አሉት። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሴቷ 15፣ ወንዱ 9።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። የወላጆች ቀን አልሄደም። «የእኔ ልጅ ሦስተኛ ስትወጣ ሄጄ ላጨብጭብ?» አለ። አንድ ፎርማን ነበረው፣ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራ። አንድ ባለቤት ቤቱን ሲረከብ «እጅህ ይባረክ» ብሎ የጨበጠው ፎርማኑን ነው። ፎርማኑ በሳምንቱ ተባረረ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሰጠ፤ በማግስቱ በድምፅ ማጉያው ስሙ አልተጠራም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ደብር አይስምም፤ ገላን ድረስ ነው የሚሄደው።

ይህን ብቻ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆናል። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ በእሱ እጅ አንድ ቀን አድሮ አያውቅም። አንድ ልጅ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡ ሲጎዳ ጋሼ ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አብሮት አደረ። እውነት ነው፣ ሦስቱን ሌሊት ሦስት ዓመት አወራው። ግን አድሯል።

በእኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያለ ሰው ስም ሞልቷል። ጉረኛ፣ ትዕቢተኛ፣ ኩሩ፣ ራስ ወዳድ። አንዱም ልክ አልመጣልኝም። ራስ ወዳድ ለራሱ ያስቀራል፤ ጋሼ ግን ሰጪ ነው። ጉረኛ ጉራው ሲነቃበት ይስቃል። ጋሼ ሲነቃበት ይታመማል፤ የምሬን ነው፣ ሁለት ቀን ይተኛል። ባለቤቱ የፈረንጁን ቃል የያዘችው ወድዳ አይመስለኝም።

ቃሉ ራሱ የግሪክ ተረት ነው። ናርሲስ የሚባል መልከ መልካም ወጣት በውሃ ውስጥ የገዛ መልኩን አይቶ ከዚያ መነሳት አቃተው። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1914 ጽሑፍ ጻፈበት። አሜሪካኖቹ የአእምሮ ሕክምና መመሪያቸው ውስጥ እንደ አንድ የስብዕና መታወክ ያስገቡት በ1980 ነው። ወደ ቱሉ ዲምቱ የገባው በስልክ ነው።

ሽማግሌ፣ ጠበል፣ ስልክ

ባለቤቱ ከአርባው በኋላ ልጆቹን ይዛ ኮተቤ እናቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ደህና አድርጎ ተቀበላቸው፣ በግ አረደ። ሁለት ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ የልጁን የሥራ ነገር ሲያማክረው አገኘሁት። እርቁ ተረስቷል። ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ይወዱታል፤ በዚህ የሚበልጠው የለም።

እሷ ግን ቃሏን ላከች። «ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ይህ ሰው እንዲህ ነው ብሎ ወረቀት ይጻፍልኝ። ከዚያ እናወራለን።»

ወረቀት የሚለው ቃል እዚህ ነው የገባው። ሁላችንም ይዘነው ዞርን። ለእሷ ወረቀቱ «አላበድኩም» የሚል ማስረጃ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቺ ነሽ ነገር የምታከብጂ» ተብላለች። ለሽማግሌዎቹ ወረቀቱ መገላገያ ነበር። ለእኔም፣ አሁን ሳስበው፣ ለእናታችን የማሳየው ነገር ነበር። እማዬ ነገሩን አልሰማም ብላ ነበር። «ልጄን ዓይን በልቶት ነው። እንጦጦ ጠበል ይግባ» ትላለች። አንድ እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ወሰድነው። ተጠመቀ። ሲመለስ «አጥማቂው ከሌላው ሰው ለይቶ እኔ ላይ ቆየ» አለን። እማዬ ደስ አላት።

ባለቤቱ በበኩሏ አንድ የማማከር አገልግሎት አገኘች። ስሙን አልጠራም። በስልክ 40 ደቂቃ አዋራት። ወንድሜን አላየውም፣ ድምፁንም አልሰማም። መጨረሻ ላይ «መቶ በመቶ ናርሲሲስት ነው፣ አይድንም፣ ውጪ» አላት። የከፈለችበትን ደረሰኝ ልካልኛለች። ሲከፋኝ አወጣና አየዋለሁ። ያላዩትን ሰው በሽታ መሰየም ምርመራ አይደለም፤ ሐሜት ላይ ዋጋ መለጠፍ ነው። ሴትየዋ መውጣት ያስፈልጋት ይሆናል። ለዚያ ግን የባሏ በሽታ ስም ግድ አልነበረም፤ እመለስበታለሁ።

የ15 ዓመቷ ልጅ ደግሞ 40 ጥያቄ ያለው የእንግሊዝኛ መጠይቅ ከኢንተርኔት አውርዳ ስለ አባቷ ሞላችው። ውጤቱን በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ከፍተኛ ነው። መጠይቁን አውቀዋለሁ። ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት የሠሩት ነው። በሽታ አይለይም። ደግሞም ሰው ስለ ራሱ የሚሞላው እንጂ ልጅ ስለ አባቷ የምትሞላው አይደለም። ይህን ስነግራት «እሺ አክስቴ፣ ግን 31 ነው ያመጣው» አለችኝ። ዝም አልኩ።

እንዴት እሺ አለ?

«ትዕቢተኛ ስለሆንክ ታከም» ተብሎ የታከመ ሰው አላውቅም። ጋሼንም ያስነሳው ሌላ ነገር ነው። በታኅሣሥ አንድ ትልቅ ሥራ ለሌላ ተቋራጭ ተሰጠበት። ያ ተቋራጭ የድሮው ፎርማን ነው። ቤቱ ባዶ ነው። እንቅልፍ አጣ። ከሰዓት የሚቅመው ጫት ጨመረ፤ ማታ ለጨብሲ የሚጠጣውም ጨመረ። አንድ ጠዋት ሳልጠብቀው ጤና ጣቢያ መጣ። ሰልፉን አልፎ ቀጥታ እኔ ክፍል ገባ። «የእንቅልፍ ክኒን ስጪኝ» አለ። ፊቱን ሳየው ፂሙን አልተላጨም። ጋሼ ፂሙን ሳይላጭ ያየሁት አባታችን የሞተ ቀን ብቻ ነው።

ስለ ሞት አስቦ እንደሆነ ጠየቅኩት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ በሥልጠና ደጋግመው የነገሩን ይህን ነው። «ብሞት ዋጋዬን ያውቁ ነበር» አለ። ዕቅድ የለውም። ግን ቀላል ንግግር አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ክብሩ ሲነካ የሚወድቀው ከከፍታ ስለሆነ አወዳደቁ ይከብዳል።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለን የአእምሮ ጤና ሥልጠና የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤምኤችጋፕ ነው። ሥልጠናው ውስጥ ድብርት አለ፣ የሚጥል በሽታ አለ፣ ሳይኮሲስ (ከእውነታ መላቀቅ) አለ፣ ሱስ አለ። የስብዕና መታወክ ግን የለም። ስለዚህ ሪፈሩ ላይ የጻፍኩት የማየውን ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የድብርት ምልክት፣ ጫት፣ አልኮል፣ የሞት ሐሳብ። ናርሲሲስት ብዬ አልጻፍኩም። እጄ ግን ፈልጎ ነበር።

«አማኑኤል ልትልኪኝ ነው?» አለ። የሆስፒታሉ ስም በአዲስ አበባ አፍ ስድብ ከሆነ ቆይቷል፤ ሐኪሞቹ ምንም ያህል ቢደክሙ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም እንዳሉ ነገርኩት። በመጀመሪያ የሄደው ግን ወደ ግል ክሊኒክ ነው፤ ወረፋ አልወድም ብሎ። አሥር ደቂቃ አዩት፣ ክኒን ጻፉለት፣ ጨረሱ። «ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም» ብሎ ተናደደ። በዚህኛው ንዴት አብሬው ተናደድኩ።

ከዚያ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቱሉ ዲምቱ ተነስተን 3 ሰዓት ደረስን። ወረፋ 27 ነበር። ጋሼ መኪና ውስጥ ሆኖ እኔ ተሰለፍኩ።

አምስት ቀጠሮ

የሳይካትሪ ሐኪሟ ወጣት ናት። ጋሼ ገና ሲገባ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት። «ሠላሳ አራት። እርስዎስ?» አለችና ጻፈች። ወድጃታለሁ።

እንደ ነርስ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ጠብቄ ነበር። ከጥር እስከ መጋቢት አምስት ቀጠሮ ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ስብዕናው አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሐሳብ፣ የጭንቅላት አደጋ፣ በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ነበረ ወይ። የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች። ከዚያ «ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት የሞላዎት፣ ብር የረጩበት፣ ሰው ተለውጠሃል ያለዎት ጊዜ አለ?» አለችው። ባይፖላር የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም መለየቷ ነው። ሕመሙ በከፍታው ሰሞን ሰውን ትልቅ ነኝ ያሰኘዋል፤ ግን መጥቶ ይሄዳል። ስብዕና አይመጣም አይሄድም።

ከዚያ ጫቱ። እዚህ ላይ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ፎቅ ይገነባል፣ አገር ያስተዳድራል፣ ማታ ይነጫነጫል። በዚያ ሰዓት የታየ ማንም ሰው የናርሲሲስት መለያ ከሚባሉት ግማሹን ያሟላል። «ምርቃናውን ከእርስዎ መለየት አለብኝ። አራት ሳምንት ይተዉልኝ» አለችው። እኔ አይችልም ብዬ ነበር። ተወ። ለምን ብትሉኝ፣ «ብዙ ሰው አይችልም» ስላለችው ነው። አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልነገረችኝም። ለድብርቱ ፍሎክሰቲን ጀመረችለት። ለናርሲሲዝም ለራሱ የሚሰጥ መድኃኒት የለም፤ አብሮ ለሚመጣው ግን አለ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮ ከክሊኒካል ሳይኮሎጂስቱ ጋር ነበር። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም። አብዛኛው ጊዜ የሄደው በታሪክ ላይ ነው። ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ ጓደኞች፣ ከእነሱ ጋር የተለያየበት ምክንያት። ምርመራው የሚፈልገው ትናንት የተጀመረ ጠባይ አይደለም። ከጉርምስና ማብቂያ ጀምሮ የነበረ፣ በቤትም በሥራም በጓደኝነትም የሚታይ፣ ኑሮን ያበላሸ ጠባይ መሆን አለበት። ቤት ብቻ የሚታይ ከሆነ የትዳር ችግር ሊሆን ይችላል። ከሥራው መጥፋት በኋላ የመጣ ከሆነ ሌላ ነው።

ከታሪኩ በኋላ አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት መጠይቅ ሞላ። አዎ ባለበት ላይ ደግሞ ባለሙያው ምሳሌ ይጠይቃል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ዘጠኝ መለያ አለው፤ ቢያንስ አምስቱ ያስፈልጋሉ። ራስን አግዝፎ ማየት፣ በታላቅነት ሕልም መዋጥ፣ ከልዩ ሰዎች ጋር ብቻ እገናኛለሁ ማለት፣ አድናቆት መራብ፣ ይገባኛል ባይነት፣ ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ የሰው ስሜት አለመግባት፣ ቅናት፣ ንቀት።

ዝርዝሩን ሲያዩት ቀላል ነው። በአማርኛ ለመጠየቅ ሲሞከር ግን ጉድ አለበት። «ልዩ ሰው ነኝ ብለው ያስባሉ?» ሲባል የትኛው አበሻ ነው «አዎ» የሚል? «እኔ ምን አለኝ፣ ሁሉ የእግዜር ነው» ይላል፤ ይሉኝታ ነው። በሌላ በኩል ሠርግ ላይ ተነስቶ የሚፎክር፣ አያት ቅድመ አያቱን እየጠራ «እኔ የእገሌ ልጅ» የሚል ሰው ጤነኛ ነው፤ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። መጽሐፉም ጠባዩ ከሰውየው ባህል ሲለካ የወጣ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ባለሙያው አበሻን አበሻ ከሚለካበት ጋር ማስተያየት አለበት። ጋሼ ለዚያ ጥያቄ የመለሰው እንዲህ ነው፦ «ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር።» ሳይኮሎጂስቱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ብዕሩን ጣለ አለኝ። ጋሼ ራሱ ነው መኪና ውስጥ የነገረኝ፤ እንደ ድል።

ሌላም ነገረኝ፤ ይሄኛውን ዝቅ ባለ ድምፅ። «አማትዎ ያረፉ ሰሞን ባለቤትዎ ምን ተሰማቸው?» ተባለ። ስለ ድንኳኑ ዋጋ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ እድሩ ሰዎች ድፍረት አወራ። ሳይኮሎጂስቱ እስኪጨርስ ጠብቆ «ባለቤትዎስ?» አለው። «አለቀሰች መሰለኝ» ብሎ መለሰ። ቃሊቲ መናኸሪያ እስክንደርስ ከዚያ በኋላ አላወራም።

አራተኛው ቀጠሮ የእኛ ነበር። በእሱ ፈቃድ፣ ለየብቻ። ያለ ዘመድ ቃል እንዲህ ያለ ምርመራ ጎዶሎ ነው፤ የዘመድ ቃል ብቻውን ደግሞ ክስ ነው። ባለቤቱ ስልኳ ላይ 60 የሚሆን የመልእክት ፎቶ አዘጋጅታ መጣች። ሳይኮሎጂስቱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ እንድትደፋው ጠየቃት። «ያለ ስልኩ ይንገሩኝ» አላት። አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ይመታሻል ወይ፣ ይቆልፍብሻል ወይ፣ ገንዘብሽን ይዞብሻል ወይ፣ ትፈሪዋለሽ ወይ፤ ይህን ሁሉ ጠየቃት። አይመታም። ገንዘብ ግን በእጁ ነው፤ ለአስቤዛም ለምና ነው የምትቀበለው። ከወጣች በኋላ «ስለ እሱ ልናገር ሄጄ ስለ እኔ ተጠየቅኩ። ስለ እኔ የተጠየቅኩበትን ቀን አላስታውስም» አለችኝ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ አባታችን ተናገርኩ። አቃቂ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጋሼን በርጩማ ላይ አቁሞ ግጥም ያስብለዋል። የሰፈሩ አንደኛ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለ በአንድ መንፈቅ ሁለተኛ ወጣ። አባባ ወር ሙሉ በስሙ አልጠራውም። «ያ ልጅ» ነበር የሚለው። ማዕድ ላይም የሚጠራው መጨረሻ ነበር። ይህን እናቴ ነግራኝ ነው የማውቀው፤ ያኔ ገና አራት ዓመቴ ነበር።

ውጤቱ

በአምስተኛው ቀን እንድገባ ጋሼ ፈቀደ። ሁለቱም ባለሙያዎች ነበሩ። ሐኪሟ ከድብርቱ ጀመረች፤ መካከለኛ ድብርት፣ እየተሻለው ያለ። ከዚያ ወደ ሌላው መጣች። ጫቱን ከመተዉ በፊት ብትቆጥር ሰባት መለያ ትቆጥር ነበር። አሁን አምስት ሆኑ። ራስን ማግዘፍ፣ የአድናቆት ረሃብ፣ ይገባኛል ባይነት፣ የሰው ስሜት አለመግባት፣ ንቀት። ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ አላገኙበትም፤ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ እዚህ ላይ ተነሳ። ቅናት እርግጠኛ አልሆኑም። አምስት መግቢያው ላይ ነው፤ ግን ገብቷል።

«በአንዱ መጽሐፍ ስም አለው» አለችው። «ናርሲሲስቲክ የስብዕና መታወክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሐፍ ደግሞ ይህ ስም ለብቻው የለም። የስብዕና መታወክ ይላል፣ ከዚያ ክብደቱን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ ይለካል። የእርስዎ ከባድ አይደለም።»

ጋሼ «ከባድ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ቅር ያለው መሰለኝ።

ከዚያ ሳይኮሎጂስቱ ስለ ስድስተኛ ክፍሉ አነሳ። አስተዳደግ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፣ አብሮ የሚወለድም ነገር አለ፤ ይህችም እዚያው ቤት ነው ያደገችው አለ፣ ወደ እኔ እያየ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ አለ። «ያን ወር ማን አናገረዎት?»

ጋሼ ሳያስብ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ። ቆሎ ታመጣልኝ ነበር።»

እኔ አላስታውስም።

ወረቀቱ

ባለቤቱ ውጤቱን እሱ ራሱ ደውሎ ነገራት፤ ሐኪሟ እንዲህ ይሻላል ብላው። አለቀሰች። ቀጥላ «ስለዚህ ወረቀቱን ያምጣ» አለች።

ወረቀት አልተጻፈም። ሐኪሟ ለሽማግሌ የሚሰጥ የምርመራ ወረቀት አልጽፍም አለች። ሰውየው የነገረኝ የእሱ ምስጢር ነው፤ ፍርድ ቤት ከፈለገ በሕጉ መሠረት ራሱ ይጠይቃል። የሰጠችው «ክትትል ላይ ናቸው» የምትል ሁለት መስመር ናት። ሽማግሌዎቹ አንብበው አጣጥፈው መለሱልን። «ይቺማ ለእረፍት ፈቃድ ነው» አለ አንደኛው።

እዚህ ላይ ለባለቤቱ የነገርኳትን ልድገመው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለመፋታት የሌላውን ጥፋት አስረጂ አይልም። አንድ ተጋቢ ብቻውን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ለመውጣትም ለመቆየትም የባሏ ምርመራ አያስፈልጋትም። «ትፈሪዋለሽ ወይ» የሚለው ጥያቄ ከዘጠኙ መለያ ውስጥ የለም፤ ለእሷ ግን ከዘጠኙ ይበልጣል። አንድ ሰው አራት መለያ ብቻ ኖሮት ቤቱን ሲኦል ሊያደርግ ይችላል። ስድስት ኖሮት የሚታከም አለ። እኛ ግን ቁጥሩን ፍለጋ ሦስት ወር ሄድን።

በከንቱ ሄድን ማለቴ አይደለም። ድብርቱ ተገኘ። ጫቱ ቆመ፤ አንድ ሁለቴ ተንሸራቷል። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ሳይኮሎጂስቱ ጋ ይሄዳል። የንግግር ሕክምና ለእንዲህ ያለው ነገር ዋናው መንገድ ነው፤ ረጅም ነው፣ ብዙ ሰውም መሃል ላይ ያቋርጣል። ጋሼም ሁለት ጊዜ አቋርጧል። አንዴ ሳይኮሎጂስቱ ሰዓቱን አየብኝ ብሎ ነው። ተመልሶ ሄዶ ይህንኑ ነገረው፤ ቀጠሮው ሙሉ በዚያ አለቀ አሉ። ባለቤቱ አልተመለሰችም፣ አልፈታችምም። የቤቱ ወጪ በየወሩ ሳትለምን በሒሳቧ ይገባል። ልጆቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። ትልቋ ውጤቷን አታሳየውም፤ እሱም አይጠይቅም። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ይህን ጽሑፍ ባለፈው እሑድ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ።

«ወንበሩ ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ ነው» አለ። ጥቂት ቆየና ደግሞ «እሷ በር ላይ ነበረች ያልሽው እውነት ነው?»

«አዎ። ስትሄድ እያየችህ።»

«አላየኋትም» አለ። ቡናውን ጨረሰ። ስኒውን አስቀመጠ።

«ተሽከርካሪዎቹ ደግሞ አራት ናቸው። አስተካክዪው።»

አላስተካከልኩም። አራተኛው ገና የባንኩ ነው።